ሃያ ሰባት ጥፋት በአንድ ዶሴ

ኀምሲን የሚሉት የበጋ ነፋስ ሲነፍስ ጅቡቲ የከረመን ሰው ስለ ገሃነም ቢሰብኩት አይደነግጥም። ሰኔ ገባ ሲል ነፋሱ የበረሃውን አሸዋ አዝሎ ይመጣል፤ በሩን ብትዘጉበት በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል፤ የጠጣችሁት ውሃ ከጉሮሯችሁ ሳይወርድ በጀርባችሁ ላብ ሆኖ ይወጣል። መብራቱ ደግሞ እንደ ቂመኛ ጎረቤት ነው፤ በጣም የፈለጋችሁት ቀን ጠብቆ ይጠፋል። ሰው ሁሉ ያን ወቅት ይረግመዋል። እኔና ፋናዬ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ዓመቱን ሙሉ እንናፍቀው ነበር።

የዓሣው ቤት ነበረና። ከአርሂባ ወደ ወደቡ በሚያወርደው መንገድ ላይ ዓሣ አጥማጆች ያመጡትን የሚያሳድሩበት አንድ ትልቅ የማቀዝቀዣ ክፍል አለ። ሞተሩን የምትጠብቀውም የምትጠግነውም ፋናዬ ነበረች። ቁልፉን ከማተቧ ጋር በአንድ ክር አስራ አሥራ ስምንት ዓመት አንገቷ ላይ ተሸክማዋለች። በሰባት ሰዓት ጫቱ ገብቶ ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሲጋደም፣ እኛ ጋቢያችንን በክንዳችን አንጠልጥለን እንወጣለን። እስቲ አስቡት፣ ድንጋይ በሚሰነጠቅበት ነሐሴ ሁለት ባልቴቶች ጋቢ ይዘው ሲሄዱ! የሰፈራችን የካርቲዬ ዱ ልጆች "እብዶቹ ወጡ" ይሉን ነበር። እኛ ምን ገዶን። በሩን ከፍተን እንገባለን፤ የዓሣ ሣጥን ገልብጠን እንቀመጣለን፤ ጋቢያችንን እንከናነብና ጥርሳችን እስኪንገጫገጭ እናወራለን። ከንፈሬ በብርድ ሰማያዊ ሲሆን ፋናዬ "አሁን አዲስ አበባ ደረስሽ" ትለኛለች። አዲስ አበባን ሁለታችንም አይተነው አናውቅም።

አንድ ፍልሰታ ነገሩ ጨነቀንና አባ ገብረማርያምን ጠየቅናቸው።

"አባ፣ ከዓሣ ጋር መቀመጥ ጾም ያስፈርሳል?"

አባ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። "ካላናገራችሁት አያስፈርስም" አሉ።

እንግዲህ የምጽፈው ስለዚህችው ፋናዬ ነው። ባሏ ሩፋኤል፣ ነፍሱን ይማረው፣ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ከሥራ መልስ የሰፈሩን ፍሪጅ ይጠግናል፤ እሷ አጠገቡ ቆማ ባትሪ ታበራለታለች። ሩፋኤል ሲሠራ ለራሱ ማውራት ይወዳል። "አሁን ይቺን እንፈታለን፣ አሁን ቧንቧዋን እናያለን፣ አሃ፣ አንቺ ነሽ ለካ ሌባዋ" እያለ። እሱ ለራሱ የሚያወራ መሰለው እንጂ ፋናዬ አሥራ አንድ ዓመት ባትሪ ይዛ ስትማር ነበር። እሱ በሞተ በአርባው ማግስት አንዲት የአፋር ሴትዮ ፍሪጇን በጋሪ አስጭና መጣች።

"እመቤት፣ ሰውየው እኮ ሞቷል" አልናት።

"ሰምቻለሁ፣ አላህ ይማረው። ባትሪ የምታበራዋ ግን አለች አይደል?" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋናዬ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆነች። አሠራሯም የራሷ ነው። ረጅሙን ካቻቢቴ ታነሳና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጥርሷ መሀል ታደርጋለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። የሞተሩ ድምፅ በብረቱ ወጥቶ በጥርሷ ገብቶ ጆሮዋ ውስጥ ይናገራል። አይታ የማታውቃት ሴት ሁሉ "ሞተሩን ልትበላው ነው!" ብላ ትደነግጣለች። ትንሽ ቆይታ ካቻቢቴውን ከአፏ ታወጣና "ቀኝ እግሩ ላልቷል" ወይም "ዘይት ጠምቶታል" ትላለች። ተሳስታም ታውቃለች። እዚያ እንደርሳለን።

የዛሬ ሦስት ዓመት መንግሥት የሙያ ትምህርቱን አድሳለሁ ብሎ ተነሳ። ሬዲዮው ጠዋትም ማታም ያንኑ ይለፍፋል፤ ሙያ በትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፣ ሰው ዕድሜ ልኩን መማር አለበት፣ ነገር ግን የተማረውን ሁሉ በወረቀት ያሳይ። ፋናዬ "ዕድሜ ልክ? ምን አጥፍቼ?" አለች። ሳቅን፤ ረሳነው።

አንድ ቀን ሀኪማ ወደ ዓሣው ቤት መጣች። ሀኪማ የሥልጠናው ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ እኛ ሰፈር አድጋ አማርኛን ከኛ ልጆች ጋር ስትጣላ የተማረች ናት።

"እማማ ፋናዬ፣ አዲሱ ደንብ ወጥቷል። ሕዝብ የሚጠቀምበትን ማቀዝቀዣ የሚይዝ ሰው የሙያ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ሰኔ እስኪገባ ካላገኙ ቁልፉን ወረቀት ላለው ያስረክባሉ።"

የፋናዬ እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። "ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ደብተር ይዤ ልገባልሽ ነው?"

"አይደለም፣ አይደለም። በኑሮ የተማሩትን እኛ እንመዝነዋለን። ዶሴ ይጻፋል፣ ሦስት ዳኞች ያነቡታል፣ ጠርተው ይጠይቁዎታል፣ ከተስማሙ ወረቀቱን ይሰጡዎታል።"

"ሚዛናችሁ ስንት ኪሎ ይችላል?"

"ይቀልዱ እማማ፣ ግን ዶሴውን ይጻፉ። ምንም ሳይደብቁ ይጻፉ። ዳኞቹ የሚቀመጡት ለመቅጣት አይደለም፣ ለመረዳት ነው።"

ይቺን ቃል ያዙልኝ። ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው፤ የሀኪማ ጥፋት ግን አይደለም።

ዶሴው አርባ ገጽ ይሆናል። እኔ ፈረንጆቹ መነኮሳት ዘንድ እስከ አምስተኛ ክፍል ፈረንሳይኛ ስለተማርኩ ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። መነጽሬን አድርጌ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩላት። "በሥራዎ ላይ የገጠመዎትን ችግር ይግለጹ። ምን አደረጉ? ምን ተማሩበት?" ሁለተኛውን ገለጥኩ፤ ያው ጥያቄ። ሦስተኛውም ያው።

ፋናዬ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አገላበጠችው። ከዚያ "ወርቄ፣ ይሄ ኑዛዜ ነው እኮ" አለች።

"መንግሥት ያናዝዛል እንዴ?"

"ምንም ሳትደብቂ አለች አይደል? አይቀጡም አለች አይደል? ምን አደረግሽ፣ ምን ተማርሽ ይላል አይደል? ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ነው?"

ጊዜውም ሁዳዴ ነበር፣ ነገሩ ገጠመ። እኔም አሰብኩና እውነቷን ነው አልኩ። ታዲያ ንስሐ የገባ ሰው "አባ፣ ባለፈው ሐሙስ ለደሃ ዳቦ ሰጥቻለሁ" ይላል? አይልም። እኛ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ራሱን የሚያሞግስ አባት አላሳደገንም። ስለዚህ ጥፋቷን ብቻ ጻፍን። ሌላ ሕዝብ ይሄን ዶሴ ቢሞላ ኖሮ ገድሉን ብቻ እንደሚጽፍ ኋላ ነው የገባኝ።

አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብን። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።

"አንደኛ። ሩፋኤል በሞተ በሦስተኛው ወር የአንዲት ነርስ ፍሪጅ ስጠግን ሽቦ አዛብቼ ገጠምኩ። መብራቱ በሩ ሲከፈት የሚጠፋ፣ ሲዘጋ የሚበራ ሆነ።"

"ሲዘጋ እንደሚበራ በምን አወቅሽ?"

"በስንጥቁ አየሁ። ቀጥይ።"

"ምን ተማርሽበት ይላል።"

"ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ በር ዘግቶ ማረጋገጥ እንደማይቻል። ጻፊው።"

ጻፍኩት። ስድስተኛው በረዶ በቢላ ስትፍቅ ቧንቧ የወጋችበት ነው፤ የተማረችው "ቢላ የወጥ ቤት ነው" የሚል ነው። ዘጠነኛው አንድ ሞተር አልነሳ ቢላት ማስነሻውን ተቃጥሏል ብላ ሦስት ጊዜ የለወጠችበት ነው፤ ለካ አዲስ በተገጠመ ቁጥር ማስነሻው ውስጥ ጉንዳን እየገባ ሲጨፈለቅ ኖሯል። የተማረችው "ከመለወጥ በፊት ከፍቶ ማየት"። ሃያ አንደኛው ላይ ድምፅዋ ወረደ። ሠላሳ ዓመት ከፍሪጅ የሚወጣውን አሮጌ ጋዝ ዝም ብላ ወደ ሰማይ ለቃዋለች፤ ሰማዩ እንደሚጎዳበት የሰማችው በቅርብ ጊዜ ነው። "እዚህ ላይ ምን ተማርኩ ልበል? ሰማዩን መልሼ አልጠግነው።" ባዶውን ተውነው።

አሥራ አራተኛው ላይ ስትደርስ ግን ተነስታ በሩን ዘጋች።

"በጎርፉ ዓመት አርሂባ ውስጥ አንድ ሠርግ ነበረ። የአሥራ ሁለት ፍየል ሥጋ በአንድ ትልቅ ፍሪዘር ተቀምጧል። ፍሪዘሩ ይጮሃል ብለው ጠሩኝ። ነቀልኩ፣ ጠገንኩ፣ ጩኸቱ ጠፋ፣ አመሰገኑኝ፣ ወጣሁ።"

"ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?"

"መልሼ አልሰካሁትማ! ጩኸቱ የጠፋው ለዚያ ነው።"

መነጽሬን አወለቅኩ።

"በማግስቱ ሥጋው ሁሉ ሸተተ። ሰዎቹ የሆነ ነገር ሲባባሉ ሰማሁ። እኔ ግን ፈራሁና ዝም አልኩ። ወርቄ፣ የሰው ስም አትጻፊ። ኑዛዜ የራስ ነው።"

ስም አልጻፍኩም። ግን አላስችል አለኝና ብዕሬን አስቀምጬ "ፋናዬ፣ በዚያው ጎርፍ እኮ ውሃው ወገብሽ እስኪደርስ ተሻግረሽ የጤና ጣቢያውን የክትባት ፍሪጅ አድነሻል። እሱንም እንጻፈው" አልኳት።

"እሱን እግዜር ነው ያደረገው። እኔ ያደረግኩትን ጻፊ።"

ሃያ ሰባት ሆነ። በንጹሕ ጽሑፍ ገልብጬ፣ ከሆሳዕና በፊት አስገባን። ፋናዬ ከቢሮው ስትወጣ ፊቷ እንደ ታጠበ ሰው ነበር። "ቀለለኝ" አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሀኪማ እየሮጠች ቤቴ ገባች። ቅጂውን ይዛለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም።

"እማማ ወርቄ! ይሄ ዶሴ ነው ወይስ የክስ መዝገብ?"

"ምንም ሳትደብቁ አላልሽም?"

"ችሎታቸውን ነበር ያልኩት! አንድ የተሠራ ፍሪጅ እንኳ የለበትም። ሃያ ሰባት የተበላሸ ብቻ!"

"ሊመለስ አይችልም?"

"ዳኞቹ እጅ ገብቷል።"

ለፋናዬ ስነግራት ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠችው። "እንግዲህ የተናዘዙትን መልሶ መዋጥ የለም" አለች። ጋቢያችንን ይዘን ወጣን። የዚያን ቀን ግን ዓሣው ቤት ውስጥ ቶሎ በረደን።

ግንቦት ላይ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ አዳራሽ ተጠራን። ፋናዬ የቅዳሴ ነጠላዋን ለብሳለች፤ ካቻቢቴው በዘንቢሏ ውስጥ ነው። እኔ አጃቢ ተብዬ ገባሁ፤ አጃቢ አይናገርም ተባልኩ። ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። መሀል ያሉት ሰብሳቢው መሲዩ ዘይድ፣ ሸምገል ያሉ የሙያ አስተማሪ ናቸው። በቀኝ መዳም ሀያ የምትባል ወጣት መሐንዲስ። በግራ የዓሣ ነጋዴዎችን ወክሎ የመጣው ጅብሪል፣ ሰፊ ሆድና ጠባብ ወንበር። የእነሱ ወገን በፈረንሳይኛ፣ የፋናዬ በሱማልኛ ነው፤ ሁሉም ይግባባል።

መሲዩ ዘይድ ዶሴውን ከፈቱ። "ወይዘሮ ፋናዬ፣ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ዶሴ ግን አላየሁም" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ" አለች ፋናዬ።

መዳም ሀያ ጎንበስ አለች። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሕይወትዎ ጠግነው ያውቃሉ?"

"እሱን እኔ ልናገር አይገባኝም።"

"ታዲያ ማን ይናገር?"

ፋናዬ መሬት መሬት አየች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። መሲዩ ዘይድ "አጃቢ!" አሉ። ምላሴን የነከስኩበት ቦታ አሁንም ያመኛል ብል አትመኑኝ፣ ግን ያመኛል።

ይሄን ጊዜ ጅብሪል ገጽ እየገለጠ ነበር። ድንገት ቆመ። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ነው።

"አሥራ አራተኛ" አለ። "በጎርፉ ዓመት ነው ያሉት?"

"አዎ፣ በጎርፉ ዓመት።"

"አርሂባ?"

"አርሂባ።"

"አሥራ ሁለት ፍየል?"

"አሥራ ሁለት።" ፋናዬ የተጠየቀችውን የምትሸሽግ አይደለችምና "የግመል ጭንም ነበረበት። ረስቼው ነው" ብላ ጨመረች።

ጅብሪል ከወንበሩ ሊነሳ ሞከረ፤ ወንበሩ አብሮት ተነሳ። "ያ የእህቴ ሠርግ ነው! የግመሉን ጭን የገዛሁት እኔ ነኝ!"

በልቤ ቁልፉ ሄደ አልኩ።

"ታውቃላችሁ ምን እንደሆነ?" አለ ወደ ዳኞቹ ዞሮ። "አክስቴ የዚያን ቀን ፍሪዘሩን ከፍታ 'ምን የመሰለ ሥጋ ነው' ብላ ማሻላህ ማለት ረስታ ነበር። በማግስቱ ሲሸት ዓይኗ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ የሚጠራት የለም! ሰው ልጁን ይደብቅባታል!"

ስልኩን አወጣ። መሲዩ ዘይድ "አቶ ጅብሪል፣ ይሄ ፈተና ነው" አሉት። ማን ሰምቷቸው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፈተው።

"ኤዶ" አለ፤ ሱማሌዎች የአባት እህትን እንዲህ ነው የሚጠሩት። "ኤዶ፣ ሥጋውን ያበላሸው ዓይንሽ አይደለም። ሶኬቱ ነው። ሶኬቱን ያልሰካችው ሴት እዚህ ፊቴ ቆማለች።"

ከወዲያ የባልቴት ድምፅ መጣ። "አቅርባት።"

ፋናዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "እኔ ነኝ እናቴ። ጥፋቴ ነው። ፈርቼ ዝም አልኩ።"

"አንቺ ነሽ? አንቺ! ሃያ ዓመት የሠርግ ሥጋ አልቀመስኩም! እጅሽ ይሰበር!" ትንፋሽ ወሰደች። "አይ፣ አይሰበር። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ሳልሞት ሰማሁት። ግን ትንሽ ይመምሽ!"

"አሜን" አለች ፋናዬ።

መዳም ሀያ ፊቷን በወረቀት ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መሲዩ ዘይድ ውሃ ጠጡ። ጅብሪል ዓይኑን ጠርጎ ተቀመጠ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከፋናዬ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ከዚያ ወደ ወርክሾፑ ወሰዱን። አንድ ፍሪጅ አቆሙላት፤ ሆን ብለው አንድ ነገር አበላሽተውበታል፣ እሷ ታግኝ ነው። ፋናዬ በመጀመሪያ ያየችው ሶኬቱን ነው። ጅብሪል "አሃ!" አለ። ቀጥላ ካቻቢቴውን አወጣችና ነከሰችው።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለች መዳም ሀያ።

ፋናዬ አፏ ስለተያዘ በእጇ ቆይ አለቻት። አዳመጠች፤ ሞተሩ ድምፅ የለውም። ሽቦውን በጣቷ እስከ ማስነሻው ተከተለችው። ካቻቢቴውን አወጣች። "የመቆጣጠሪያው ሽቦ ተቆርጧል። ሰው ነው የቆረጠው፤ አዲስ ነው።"

መሲዩ ዘይድ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ነው፣ እሳቸው ናቸው የቆረጡት። ሊጽፉ ሲሉ ፋናዬ "ግን እሱን ብትቀጥሉትም አይነሳም" አለች።

"ይነሳል እንጂ። ትናንት ሠርቷል።"

"አይነሳም። ይሄ ዘጠነኛዬ ነው።"

ሽቦውን ቀጠሉት። አልተነሳም። ማስነሻውን ከፈተችው፤ መዳም ሀያ ተጎንብሳ አየች። አራት ጉንዳን፣ እንደ ማኅተም ተጨፍልቀው።

መሲዩ ዘይድ ዶሴውን እንደገና ገለጡና ቆመው አነበቡት። እንደመጀመሪያው አላነበቡትም፣ ከፊታቸው አየሁት። "ወይዘሮ ፋናዬ፣ ከነዚህ ከሃያ ሰባቱ ስንቱን ደግመውታል?"

"ሦስተኛውን። ባለቤትየዋ ሐሜት እያወራችልኝ ነበር። ጥሩ ሐሜት ነበር።"

"ሌላውንስ?"

"ያው ድንጋይ ሁለቴ ከመታኝማ ድንጋዩ እኔ ነኝ መሲዩ።"

ወደ ውጭ አስወጡን። ኮሪደሩ ላይ ፋናዬ ቁልፉን ስታሽ፣ እኔ የማርያምን መልክዕ ከግማሽ ጀምሬ እዘልቃለሁ። ሲጠሩን መሲዩ ዘይድ ቆመው አነበቡ። ሙያው ሰባት ክፍል አለው፤ ስድስቱ ጸድቆላታል። ሰባተኛው የጋዙ ነው፤ አሮጌውን ጋዝ ወደ ሰማይ ሳይለቁ በመሣሪያ መልሶ መያዝ። ሃያ አንደኛውን ባዶ ትተነዋልና እሱን ለመሙላት ከመስከረም ጀምራ ሦስት ወር ከተማሪዎች ጋር ትማራለች። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ነው።

"ቁልፉን የማስረክበው ግን ሰኔ ነው" አለች ፋናዬ።

መሲዩ ዘይድ ዶሴውን ዘጉት። ደንቡ ደንብ ነው።

ስለዚህ ኀምሲኑ በጀመረበት ሳምንት ፋናዬ ክሩን ከአንገቷ አውልቃ፣ ማተቧን አስቀርታ፣ ቁልፉን የምስራች ለምትባል ወረቀት ላላት ወጣት ሰጠቻት። ደህና ልጅ ናት። ፋናዬ "ሞተሩ አርብ አርብ ያኮርፋል፣ ችላ በዪው" ብላ መክራታለች። ያን ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆነን አሳለፍነው። እኔ እንዲያውም አንድ ቀን ረስቼ ጋቢዬን ይዤ ሄድኩ። የምስራች በትሕትና በሩ ላይ የተለጠፈውን አሳየችኝ፤ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው ይላል። ጋቢዬን ተሸክሜ ተመለስኩ። ልጆቹ "አንደኛዋ እብድ ብቻዋን!" አሉ።

መስከረም ላይ ፋናዬ የልጅ ልጅ ሊሆኗት ከሚችሉ ልጆች መሀል ተቀመጠች። መሲዩ ዘይድ ፈቃዷን ጠይቀው ዶሴውን ለክፍሉ አባዝተውት ነበርና ልጆቹ ጥፋቶቹን በቁጥር ያውቋቸዋል። አንዱ ሳይሰካ ከሄደ ሌላው "አሥራ አራተኛ!" ብሎ ይጮሃል። በቢላ ሊፍቅ ያሰበ "ስድስተኛ!" ይባላል። ፋናዬ መጀመሪያ ቀን አፍራ ነጠላዋን ተሸፍና ነበር፤ በሳምንቱ እሷ ራሷ ነበረች የምትጮኸው። በታኅሣሥ ወረቀቱን ተቀበለች። ጋዝ መልሶ በመያዝ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ከጎኗ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ ከሷ ነው የቀዳው ትላለች፤ አላረጋገጥኩም።

በሚቀጥለው ሁዳዴ ለንስሐ ስትሄድ የዶሴውን ቅጂ ለአባ ገብረማርያም ሰጠቻቸው።

"ምንድን ነው?" አሉ አባ።

"ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ አባ። ከመድገም ብዬ ነው።"

"በፈረንሳይኛ?"

"ወርቄ ታነብልዎታለች።"

አባ ተቆጡ። "ከኔ በፊት ለመንግሥት ተናዘዝሽ?"

"ቀጠሮ የሰጡኝ እነሱ ናቸው አባ።"

"ቅጣቱንስ ምን አሉሽ?"

"ሦስት ወር ትምህርት።"

አባ ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱላት። "እኔም ከዚህ የባሰ አላገኝልሽም" አሉ። "ይፍታሽ።"

ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ጅብሪል መጣ። ኦቦክ፣ ከባሕሩ ማዶ፣ ዓሣ አጥማጆች አዲስ ማቀዝቀዣ ክፍል ተክለዋል፤ ወረቀት ያለው ሰው ይፈልጋሉ፤ ከወረቀት ባለቤቶቹ ኦቦክ መሄድ የፈለገ የለም። ሌሎቹ ነጋዴዎች "ያቺን ሶኬት የረሳችውን ሴትዮ ነው የምታመጣብን?" ቢሉት የመለሰላቸውን ራሱ ነገረን። "የሌሎቹን ጥፋት አላውቅም። የሷን ግን አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ።"

አክስቱም በዚያ ሰሞን ሠርግ ተጠርታ ነበር። ለፋናዬ ከሠርጉ ሥጋ ላከችላት። ጾም ስለነበር እኔ ጎረቤቶቼ ለሆኑ እስላሞች ሰጠሁላት፤ በሉት፣ ዓይን አልነካውም አሉ።

ፋናዬን መርከቡ ድረስ ሸኘኋት። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ዘንቢል፣ ካቻቢቴው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የሙያ ወረቀቷ በፕላስቲክ ተለብዶ፣ ጋቢዋ በክንዷ። "ያቺን አርባ ገጽ በደንብ ባትጽፊልኝ ኖሮ እዚሁ እቀር ነበር" አለችኝ።

"አሁን እኔን እየከሰስሽኝ ነው?"

"ሃያ ስምንተኛ አድርገሽ ጻፊው። ጥፋቱ ግን ያንቺ ነው።"

ስቀን ተሳሳምን። መርከቡ ራስ ዲካ የሚባለውን የወደቡን ጫፍ አልፎ እስኪጠፋ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር አልሰማኋትም፣ ግን እየሠራ ነው ማለት ነው። አሁን ኀምሲኑ ነፍሷል። ነፋሱ ሲበረታ መርከቡ ስለማይሻገር እስከ መስከረም ልሄድም አልችል፣ ልትመጣም አትችል። ጋቢዬ ሣጥን ውስጥ ነው።

ፋናዬ እስከማውቀው ድረስ ኦቦክ ናት። ከዓሣ ማራገፊያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች፤ የማቀዝቀዣው ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው።